ስለ ፓይተን ቋንቋና ስለ ጀማሪዎቹ አራት ጥያቄዎች

ለኮምፒዩተር ትእዛዝ ለመስጠት ሰዎች ከደረሷቸው ልሳናት መካከል ፓይተን የተባለው ዛሬ በዩኒቨርሲቲ፥ በባንክ፥ በምርምር ቤትና በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሳይቀር የሚሠራበት ሲሆን፥ ለአዲስ ተማሪ እጅግ የቀረበ ነው ተብሎ ስለሚመሰገን፥ የኮምፒዩተርን ጥበብ ለመማር የሚነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ ፊደል የሚቆጥረው በእርሱ ነው። ይህ ጽሑፍም ቋንቋውን ከአንባቢ ጋር ለማስተዋወቅና፥ ጀማሪዎቹ ዘወትር የሚጠይቋቸውን አራት ጥያቄዎች ከነምክንያታቸው ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው።

የፓይተን ደራሲ ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ ነው። ሥራውን የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 በገና ዕረፍት፥ በአምስተርዳም በሚገኘው ብሔራዊ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ምርምር ተቋም ያገለግል በነበረበት ዘመን ሲሆን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፥ የመጀመሪያውን እትም ለሕዝብ ያወጣው በፌብሩዋሪ 1991 ነው። በዚያው ተቋም ቀደም ብሎ ኤቢሲ የተባለ፥ ለመማሪያ የታሰበ ቋንቋ ተደርሶ ነበርና፥ ቫን ሮሰም ከእርሱ የአጻጻፍን ንጽሕና ወርሶ፥ ሌሎች የሠሩትን ነገር ለመጨመር የማይመች መሆኑን ግን አረመው። ከዚህም የተነሣ ፓይተን ራሱ ጥቂት ቃላት ብቻ ያሉት፥ በዙሪያው ግን ብዙ መሣሪያ የሚቀበል ልሳን ሆነ፤ ሞጁል እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ መሣሪያዎች ደብዳቤ ለመላክ፥ ፋይል ለማንበብ፥ ጊዜን ለመቁጠርና ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ለመነጋገር የሚያገለግሉ ሲሆኑ፥ አያሌዎቹ ከቋንቋው ጋር አብረው ይታደላሉ።

ቁጥር መደመርንና ስም በተራ መደርደርን የተማረ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ አይቸገርም፤ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም የሚታዘዘው ለጸሐፊው ብቻ ነውና። ችግር የሚነሣው ፕሮግራሙ ከራሱ ወጥቶ ከሌላ ፕሮግራም፥ ከሌላ ማሽንና ከሌላ ሰው ጋር መገናኘት በፈለገ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ነገሩ የብልሃት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የውል ነገር ይሆናል፤ ሳይተያዩ አብረው ለሚሠሩ ወገኖች አስቀድሞ የተጻፈ ቃል ኪዳን አለና፥ ያን ቃል ኪዳን ሳያውቅ የሚጽፍ ሰው ኮዱ፥ ማለት የጻፈው የፕሮግራም ትእዛዝ፥ የቀና እየመሰለው ሥራው ይሰናከልበታል። ከዚህ በታች በየተራ የሚብራሩት የፊድ፥ የትሬድ፥ የኢሜልና የኤዲተር ጥያቄዎች ሁሉ ከዚሁ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ ይኸውም በየማለዳው ከ20 የዜና ድርጅቶች አዳዲስ ወሬዎችን ሰብስቦ፥ ዝርዝሩን በአማርኛ አርእስት አሰናድቶ ለወዳጆች በኢሜል የሚያደርስ ፕሮግራም ነው።

በመጀመሪያ ወሬው ከወዴት ይገኛል? ፊድ የሚባለው አንድ የዜና ድርጅት አዲስ ያወጣቸውን ጽሑፎች ዝርዝር፥ ማለት አርእስቱን፥ አጭር መግለጫውን፥ የወጣበትን ጊዜና አድራሻውን፥ ለዓይን ውበት ሳይጨነቅ ለኮምፒዩተር እንዲመች አድርጎ የሚያቀርብበት ፋይል ነው። አርኤስኤስ የተባለው የፊድ ሥርዓት በማርች 1999 ከኔትስኬፕ ኩባንያ ወጣ፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሁለተኛው እትሙ በ2002 ተደነገገ፤ አቶም የተባለው ተወዳዳሪው ደግሞ በዲሴምበር 2005 የኢንተርኔት ደንብ ሆኖ ጸደቀ። ፖድካስት የሚያዳምጥ ሰው አዲሱ ዝግጅት በስልኩ ላይ ሲደርሰው፥ አመጣጡን ባያውቀውም፥ ያደረሰለት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው አርኤስኤስ ነው።

ጀማሪው እንግዲህ የአንዱን ድርጅት ፊድ በገዛ እጁ በጻፈው ኮድ ያነብና ደስ ይለዋል፤ ወደ ሁለተኛው ድርጅት ሲሻገር ግን ኮዱ ይሰበርበታል፤ “የአንዱ ሠርቶ የሌላው ለምን እንቢ አለኝ?” ብሎም ይጠይቃል። ምክንያቱ የአርኤስኤስ እትሞች ብዙ መሆናቸው፥ ቀንን አርኤስኤስ በአንድ ዓይነት አቶም በሌላ ዓይነት መጻፋቸው፥ ከአዘጋጆቹም መካከል ፋይሉ የሚጻፍበትን የኤክስኤምኤል ሕግ የሚያፈርሱ መኖራቸው ነው። ይህን የተመለከተ ማርክ ፒልግሪም የተባለ ጸሐፊ በ2002 ፊድፓርሰር የተሰኘውን ሞጁል ሠርቶ፥ የሁሉንም እትም መልክ ወደ አንድ መልክ የሚመልስ አደረገው፤ ሕግ የፈረሰበት ፊድ ሲያጋጥመውም ፊቱን ከማዞር ይልቅ ጉድለት መኖሩን ምልክት አድርጎ፥ ሊነበብ የሚቻለውን ያህል አንብቦ ያስረክባል። ነገር ግን ሞጁሉ የማይሠራለት የጀማሪው ድርሻም አለ። ፊድፓርሰር የተረጎመውን ጊዜ የሚሰጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፥ ለአዲስ አበባ አንባቢ 3 ሰዓት መጨመር ያስፈልጋል፤ አንድ ዜና ሁለት ጊዜ እንዳይላክም አርእስቱ ሊታረም ስለሚችል በአርእስት ሳይሆን በመለያው መዝግቦ መያዝ ይገባል። ከሁሉም በላይ ሰርቨሩ፥ ማለት ፊዱን የሚያቀርበው ኮምፒዩተር፥ ባለፈው ጊዜ የሰጠውን ምልክት ጠብቆ ሲመለሱ ማሳየት መልካም ሥርዓት ነው፤ ምንም አዲስ ነገር ከሌለ ሰርቨሩ 304 የሚል አጭር መልስ ብቻ ይሰጣልና፥ የሁለቱም ወገን ድካም ይቀላል።

ፕሮግራሙ 20ውን ፊድ ተራ በተራ ቢያመጣና እያንዳንዱ 2 ሰከንድ ቢፈጅ 40 ሰከንድ ያልፋል፤ ከዚህም ጊዜ አብዛኛው ኮምፒዩተሩ እጁን አጣጥፎ ከሩቅ ሰርቨር መልስ የሚጠብቅበት ነው። ከዚህ ላይ ነው ጀማሪው የትሬድን ስም የሚሰማው። ትሬድ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ፥ ያንኑ ማኅደረ ትውስታ ከሌሎች ጋር እየተካፈለ፥ በራሱ ተራ የሚጓዝ የሥራ መሥመር ነው፤ ብዙ ትሬዶች ሲኖሩ አንዱ መልስ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል፤ ስለዚህም 20ው ፊድ ከሞላ ጎደል አንዱን ለማምጣት በሚፈጀው ጊዜ ተሰብስቦ ይመጣል።

በዚህ ጎዳና ላይ የመጀመሪያው መሰናክል ትንሽ ሆኖ እጅግ የተለመደ ነው። ጀማሪው ለትሬዱ የሚሠራውን ፈንክሽን፥ ማለት በስም የሚጠራ የትእዛዝ ክፍል፥ በስሙ ብቻ ማቀበል ሲገባው፥ ከስሙ ቀጥሎ ቅንፍ ይጨምራል፤ ቅንፍ ግን በፓይተን ፈንክሽኑን አሁኑኑ አሠራ የሚል ትእዛዝ ነውና፥ ሥራው አዲሱ ትሬድ ሳይወለድ በአሮጌው መሥመር ይፈጸማል፤ ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ተራ በተራ ሲሄድ እያየም ምክንያቱ ይጠፋዋል። ሁለተኛው ጥያቄ “የጀመርሁትን ትሬድ እንዴት ልግደለው?” የሚል ነው፤ መልሱም መግደያ የለውም የሚል ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ትሬዱ በድንገት ቢቆረጥ የከፈተውን ፋይል ሳይዘጋ፥ የያዘውን ቁልፍ ሳይመልስ ሊሞት ስለሚችል ነው፤ ስለዚህ ሥርዓቱ አቁም የሚል ምልክት አኑሮ፥ ትሬዱ ራሱ ምልክቱን በየጊዜው እየተመለከተ በሰላም እንዲያበቃ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የከበደ ነው፤ እርሱም የጋራ ንብረት ነገር ነው። አንድ የባንክ ሒሳብ 1000 ብር አለበት እንበል፤ አንዱ ትሬድ 200 ብር፥ ሌላው 300 ብር ሊጨምሩበት በአንድ ጊዜ መጡ። መጨመር ለሰው ዓይን አንድ ሥራ ቢመስልም ለማሽኑ ሦስት ሥራ ነው፤ ያለውን ያነባል፥ ይደምራል፥ አዲሱን ይጽፋል። ሁለቱም 1000 የሚለውን አንብበው ከሆነ አንዱ 1200፥ ሌላው 1300 ይጽፋሉ፤ ከሁለቱም ኋላ የጻፈው ያሸንፋል፤ የቀደመው ገንዘብ ይጠፋል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ዛሬ ታይቶ ነገ የሚሰወር፥ በጸሐፊው ማሽን ላይ ሳይታይ በተጠቃሚው ማሽን ላይ የሚገለጥ በመሆኑ ሊቃውንቱን ሳይቀር ያስጨንቃል። መድኃኒቱም ሎክ የተባለው ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን የያዘ ትሬድ ሥራውን እስኪፈጽም ሌላው ይጠብቃል። ነገር ግን ሁለት ቁልፎች ቢኖሩና አንዱ ትሬድ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን፥ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ቢጠብቅ፥ ሁለቱም እንደ ተፋጠጡ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ቁልፎችን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መያዝ፥ ከተቻለም ትሬዶች ንብረቱን በቀጥታ ከሚነኩ ይልቅ ሥራቸውን በኪዩ፥ ማለት በተጠበቀ የወረፋ መዝገብ፥ እንዲቀባበሉ ማድረግ የተመሰከረለት ዘዴ ነው።

ከዚህ በኋላ ብርቱ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፤ “ኮምፒዩተሬ 8 የማስሊያ ልብ አለው፤ ስሌቴን ለ8 ትሬድ ባካፍለው ለምን አልፈጠነም?” ይላል። ምክንያቱ ጂአይኤል የተባለው ጠቅላላ ቁልፍ ነው። ፓይተን በማኅደረ ትውስታው ያለውን እያንዳንዱን ነገር ስንት መጠሪያ እንደያዘው እየቆጠረ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ቦታውን ያስለቅቃል፤ ይህ ቆጠራ ከላይ እንዳየነው የባንክ ሒሳብ በሁለት ትሬድ መካከል እንዳይበላሽ፥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ትሬድ በቀር የፓይተንን ትእዛዝ እንዳይፈጽም ተደነገገ። ብዙ ዲያቆናት የሚያገለግሉበት ዕቃ ቤት ቁልፉ አንድ ብቻ ቢሆን፥ ዕቃ ለማውጣት የሚገባው በየተራው ነው፤ ከደጅ ሰው ለመጠበቅ ግን ሁሉም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። ጂአይኤልም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ትሬድ ተራ ሲጠብቅ፥ ቁልፉን የያዘው በየ5 ሚሊሰከንዱ እንዲለቅ ይጠየቃል፤ ከኢንተርኔት መልስ የሚጠብቅ ትሬድ ግን ወዲያውኑ ለቆ ይጠብቃል። እንግዲህ ለዜና ሰብሳቢው ፕሮግራማችን ትሬድ ይበቃል፤ ከባድ ስሌት ላለበት ሰው ግን ከ2008 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር የሚታደለው ማልቲፕሮሰሲንግ የተባለው ሞጁል፥ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ፓይተንና የራሱን ቁልፍ ስለሚሰጥ የተሻለ ነው።

ይህን ቁልፍ ለማንሣት የተደረገው ሙከራ ረጅም ነው። በ1990ዎቹ ግሬግ ስታይን የተባለ ባለሙያ አንሥቶት ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ትሬድ ብቻ የሚሠራው ተራ ፕሮግራም ከሞላ ጎደል በእጥፍ ስለዘገየ ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳም ግሮስ የተባለ መሐንዲስ የቆጠራውን ሥራ ራሱን በአዲስ ዘዴ አዋቅሮ በ2023 ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበ፤ ቋንቋውን የሚያስተዳድረው አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ተቀበለው፤ በኦክቶበር 2024 በወጣው 3.13 እትም ለሙከራ፥ በኦክቶበር 2025 በወጣው 3.14 እትም ደግሞ የታወቀ አማራጭ ሆኖ ወጣ። ቁልፉን ሊያነሣው የቻለው ለምን እንደ ተበጀ ጠንቅቆ የመረመረ ሰው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ጠቅላላው ቁልፍ ቢነሣም የባንኩን ሒሳብ የሚጠብቀው የጸሐፊው ቁልፍ አሁንም አስፈላጊ ነው።

ወሬው ከተሰበሰበ በኋላ መላክ አለበት። ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በመረብ የሚሄደውን ኢሜል በ1971 የጀመረው ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ ዛሬም ፖስታውን የሚያመላልሰውን ኤስኤምቲፒ የተባለ ደንብ በኦገስት 1982 የጻፈው ጆናታን ፖስቴል ነው። ደንቡ በእውነት የጭውውት ሥርዓት ነው፤ ላኪው ማሽን ሰላምታ ይሰጣል፥ ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ይናገራል፥ ለማን እንደሆነ ይናገራል፥ ከዚያም ጽሑፉን ያቀርባል፤ ተቀባዩም በየደረጃው በቁጥር ይመልሳል፤ 250 ሲል ተቀብያለሁ፥ 550 ሲል እንዲህ ያለ የደብዳቤ ሣጥን የለም፥ 535 ሲል ማንነትህን አላረጋገጥህም ማለቱ ነው። ኤስኤምቲፒሊብ የተባለው የፓይተን ሞጁል ይህን ጭውውት በጸሐፊው ፈንታ ያካሂዳል፤ ስለዚህ “ኢሜሌ አልሄደም” ብሎ የሚጨነቅ ጀማሪ ቁጥሩን ቢያነብ ግማሹን መልስ በእጁ ያገኛል።

535 የሚለው ቁጥር በብዛት የሚታየው ታላላቆቹ የኢሜል አገልግሎቶች ለፕሮግራም ተራውን የይለፍ ቃል መቀበል ስለተዉ ነው፤ ጉግል ይህን በሜይ 2022 ስላቆመ፥ ቀላሉ መንገድ ለፕሮግራሙ የተለየ የይለፍ ቃል ማውጣት ነው። የበሩ ቁጥርም ያሳስታል፤ በ465 የሚገባ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በምሥጢር ይነጋገራል፥ በ587 የሚገባ ግን በግልጽ ሰላምታ ጀምሮ ወደ ምሥጢር ይሻገራል፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ፕሮግራሙ ወይ ዝም ብሎ ይቀርበታል ወይ ተቈጥቶ ይወጣል። እንደዚሁም በደብዳቤው ራስጌ የሚጻፈው የተቀባይ ስም ለአንባቢ ዓይን ብቻ የቆመ ሲሆን፥ ደብዳቤውን የሚያደርሰው በጭውውቱ ጊዜ ለሰርቨሩ የተነገረው ስም ነው፤ ስውር ቅጂ ለሌላ ሰው መላክ የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚያሳስበው “አማርኛው ለምን ጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሰ?” የሚለው ነው። ኢሜል ሲወለድ የሚያውቀው 128 የላቲን ፊደላትና ምልክቶችን ብቻ ነበር፤ በ1992 ናታንኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን ደንብ ደርሰው ሌሎች ፊደላትና ሥዕሎች በዚያው ጠባብ መንገድ እንዲያልፉ አደረጉ፤ የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ በ1999 ከወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ገብቶ የራሱን መቀመጫ አገኘ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ጀማሪው ደብዳቤውን በገዛ እጁ ከመገጣጠም ተቆጥቦ ኢሜልሜሴጅ በተባለው የፓይተን መሣሪያ ቢያዘጋጀው፥ አርእስቱም ሐተታውም በሕጉ ተጠቅልሎ በሰላም ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፤ ለሙከራ የጻፈውን ፋይል ኢሜል ብሎ የሰየመ እንደሆነ፥ ፓይተን የራሱን የኢሜል ሞጁል ሲፈልግ አስቀድሞ የጀማሪውን ፋይል ያገኝና ሥራው ገና ሳይጀመር ይፈርሳል። ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ሰዓታትን ያባከነበት ነው፤ መድኃኒቱም የፋይሉን ስም መለወጥ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ይህ ሁሉ የሚጻፍበት ኤዲተር የተባለ ገበታ አለ። “የትኛውን ኤዲተር ልያዝ?” የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ክርክር ያስነሣል፤ ነገር ግን የፓይተን ኮድ ምንም ጌጥ የሌለው ጽሑፍ ስለሆነ፥ በአይድል፥ በቪም፥ በኢማክስ፥ በፓይቻርም ወይም በቪኤስ ኮድ ቢጻፍ ለቋንቋው አንድ ነው። አይድል ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ ፓይቻርምና ቪኤስ ኮድ ስሕተትን ገና ሲጻፍ ያመለክታሉ፤ ቪምና ኢማክስ እጅ እስኪለምዳቸው ትዕግሥት ይፈልጋሉ፥ ለለመዳቸው ግን ፈጣን አገልጋዮች ናቸው። ቪምን በ1991 ያወጣው ብራም ሞለናር በነጻ እያደለ፥ የተጠቀመበት ሰው በኡጋንዳ ላሉ ችግረኛ ሕፃናት እርዳታ እንዲሰጥ በፕሮግራሙ ውስጥ ይለምን ነበር፤ እስከ ዕረፍቱም፥ እስከ ኦገስት 2023 ድረስ፥ በዚሁ ሥራ ጸና። ለሌላው የሚያስብ ሰው ሙያውን እንዴት የበጎ አድራጎት መሣሪያ ሊያደርገው እንደሚችል ይህ የሚያኮራ ምስክር ነው።

ከኤዲተሩ ምርጫ ይልቅ የሚበልጠው በኤዲተሩ የሚጠበቀው ሥርዓት ነው። ፓይተን የትእዛዞችን ክፍል የሚለየው በመሥመር መጀመሪያ ላይ በሚተወው ባዶ ቦታ ስለሆነ፥ ታብንና ስፔስን ያደባለቀ ጽሑፍ ለዓይን የተስተካከለ ቢመስልም ቋንቋው አይቀበለውም፤ በ2001 የተጻፈው የአጻጻፍ መመሪያም 4 ስፔስ እንዲሆን ይመክራል። ኪቦርዱን በአማርኛ እንደ ያዘ የረሳ ጸሐፊ በላቲን ኮማ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ፥ በላቲን ኮሎን ፈንታ ሁለት ነጥብ ያኖርና ፓይተን የማላውቀው ምልክት ገባብኝ ይላል። ከዚህ በተቀረ ግን ሦስተኛው ፓይተን ለፊደላችን በሩን ከፍቷል፤ በ“ዋጋ” ወይም በ“ድምር” የሚጠራ መጠሪያ በአማርኛ ፊደል ጽፎ ማስላት ይቻላል። ሞጁል ጭኖ ኤዲተሩ አላገኘሁትም የሚለው ተማሪም ብዙውን ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት ፓይተን አለው፤ ሞጁሉ በአንዱ ተጭኖ ኤዲተሩ በሌላው ይሠራልና፥ ኤዲተሩ የትኛውን እንደ ያዘ መመልከት ይበቃል።

እንግዲህ በአራቱም ጥያቄ ያገኘነው አንድ ነገር ነው። ፊድ በአሳታሚና በአንባቢ መካከል፥ ቁልፍ በትሬዶች መካከል፥ ኤስኤምቲፒ በማሽኖች መካከል፥ የመሥመሩ ባዶ ቦታ በጸሐፊና ኋላ ኮዱን በሚያነብ ሰው መካከል የተገባ ውል ነው። ስለዚህ ሥራው የተሰናከለበት ጀማሪ ኮዱን በግምት ከመነካካቱ በፊት “በዚህ መሥመር ላይ ከማን ጋር ተዋውያለሁ? ምንስ ቃል አጎደልሁ?” ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ ፓይተን የሚያወጣውን የስሕተት ዝርዝርም ከታች ወደ ላይ ያንብብ፥ የስሕተቱ ስም በመጨረሻው መሥመር፥ የተፈጠረበትም ሥፍራ ከእርሱ በላይ ተጽፏልና። እነዚህ ደንቦች ሁሉ በይፋ ተጽፈው ያለ ዋጋ የሚነበቡ፥ በሐሳብና በማስረጃም የሚሻሻሉ ናቸው፤ ዛሬ በትዕግሥት የሚያነባቸው ወጣት ነገ ከሚያሻሽሏቸው መካከል ለመቆም የሚከለክለው ደንብ የለም።